ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ፦ ስለ ወፍና ዱር እንስሳት ሠዓሊው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሆኑት ላይ ዓ.ም. ተጨምሯል።

ፉዌርቴስ ማን ነበር?

አሜሪካዊ የወፍና የዱር እንስሳት ሠዓሊ ነው። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1874 (የካቲት 1 ቀን 1866 ዓ.ም.) በኒውዮርክ ግዛት፣ ኢታካ በምትባል ከተማ ተወለደ። ኦገስት 22 ቀን 1927 (ነሐሴ 16 ቀን 1919 ዓ.ም.) በ53 ዓመቱ ሞተ። አባቱ ኤስቴቫን ፉዌርቴስ ከፖርቶ ሪኮ የመጡ፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ። ስሙ የወጣለት በሉዊ አጋሲዝ ነው፤ እኚህ ከስዊዘርላንድ ወደ አሜሪካ የሄዱ የተፈጥሮ ሊቅ ሕፃኑ ከመወለዱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብለው ነው ያረፉት።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ሰው የሚጠቅመው በአንድ ምክንያት ነው። የመጨረሻና በብዙዎች ዘንድ ምርጥ የሚባሉትን ሥዕሎች የሠራው በኢትዮጵያ ደጋ፣ በድንኳን ሥር ሆኖ ነው።

እንዴት ወደ ሙያው ገባ?

በልጅነቱ የጆን ጄምስ ኦዱቦንን ትልልቅ የወፍ ሥዕሎች በኢታካ ቤተ መጻሕፍት እያገላበጠ ያይ ነበር። በ14 ዓመቱ አንድ ወንድ ቀይ ክሮስቢል ሣለ። የምንቃሩ ሁለት ጫፎች እንደ መቀስ የሚተላለፉ ወፍ ነው፤ ይህን መሣል ለጀማሪ ቀላል አይደለም። በ17 ዓመቱ የአሜሪካ የአእዋፍ ተመራማሪዎች ማኅበር ተባባሪ አባል ሆነ።

አባትየው ልጃቸው የተረጋገጠ እንጀራ ያለው ሙያ እንዲይዝ ይፈልጉ ነበርና ኮርኔል ገብቶ አርክቴክቸር አጠና፤ በ1897 ተመረቀ። ዕድሉን የቀየረው ግን ክፍል ውስጥ የተማረው አይደለም። የዩኒቨርሲቲው የመዝሙር ቡድን አባል ስለነበር በ1894 ከቡድኑ ጋር ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ፣ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት የአእዋፍ ሊቅ ከኤሊዮት ካውስ ጋር ተዋወቀ። ካውስ ሥራዎቹን አይተው በቀጣዩ ዓመት በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ለዕይታ አቀረቧቸው። በዚያው በተመረቀበት ዓመት 111 ሥዕሎቹን የያዘ የልጆች የወፍ መጽሐፍ ታተመ፤ ካውስ ከመጽሐፉ ሁለት ደራሲዎች አንዱ ነበሩ።

ሥዕልን ከማን ተማረ?

ከአቦት ቴየር። ቴየር ሠዓሊም የእንስሳት ቀለም ተመራማሪም ነበር፤ የሚታወቀውም የእንስሳት ጀርባ ጠቆር፣ ሆዳቸው ነጣ የሚልበትን ምክንያት በማስረዳቱ ነው። ብርሃን ከላይ ሲመጣ ጀርባን ያነጣል፣ ሆድን ያጠላል። የእንስሳው ቀለም ደግሞ በተቃራኒው ስለተደለደለ ሁለቱ ተጣፍተው አካሉ ዝርግ ይመስላል፣ ከአካባቢውም አይለይም።

ከዚህ ፉዌርቴስ የወሰደው ተግባራዊ ትምህርት አለ። ነጭ ሆድ በሥዕል ላይ ነጭ ሆኖ አይቀባም። ጥላ ውስጥ ስላለ ወይ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያደላል፣ ወይም ከታች ያለውን መሬት ቀለም ይዋሳል፦ በሣር ላይ አረንጓዴ ቢጤ፣ በአሸዋ ላይ ቢጫማ ይሆናል። ጀማሪ ወረቀቱን ነጭ አድርጎ ሲተወው ወፉ ከጀርባው የተቆረጠ ይመስላል።

መምህሩን እስከ መጨረሻው ግን አልተከተለውም። ቴየር ነገሩን አክርሮ ፍላሚንጎ እንኳ ሮዝ የሆነው በጀንበር መጥለቂያ ሰማይ ውስጥ ለመደበቅ ነው እስከ ማለት ደርሶ ነበር፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልትም በዚህ በአደባባይ ተሟግቶታል። የመጽሐፍ አሳታሚ ደግሞ የተደበቀ ወፍ አይፈልግም፤ አንባቢው ወፉን ለይቶ ማወቅ አለበት። ፉዌርቴስ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ኖረ። ለመጽሐፍ በተዘጋጁት ሥዕሎቹ ከወፉ ኋላ ያለው ትዕይንት ገርጣ ያለና ቀለል ያለ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በምን ይተዳደር ነበር?

ዋናው ገቢው የመጽሐፍና የመጽሔት ትዕዛዝ ነበር። ሙያውን በዝርዝር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ክፍል መዝለል የለበትም፤ ተሰጥኦ ብቻውን ቤተሰብ አያስተዳድርምና። ትልቁ ትዕዛዝ በአእዋፍ ተመራማሪው በኢቶን የተዘጋጀው የኒውዮርክ ግዛት ወፎች መጽሐፍ ሲሆን በ1910 እና በ1914 በሁለት ቅጽ ወጣ፤ 106 ባለ ቀለም ገጾችም ነበሩት። ከዚያ በተጨማሪ ለናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የወፎች፣ የአጥቢ እንስሳትና የውሾች ተከታታይ ሥዕሎችን ሠርቷል። በቤኪንግ ሶዳ ፓኬት ውስጥ ይገቡ የነበሩ ትናንሽ የወፍ ካርዶች ላይ ያሉትም የእሱ ናቸው። የእነዚህ ካርዶች ድርሻ ሊናቅ አይገባም፤ መጽሐፍ የመግዛት አቅም የሌለው ብዙ ልጅ ወፍን የተዋወቀው በእነሱ ነው።

ሀብታሞችም ያዝዙት ነበር። ፍሬድሪክ ብሩስተር ለተባለ የኒው ሄቨን ባለጸጋ መኖሪያ ቤት 25 ትልልቅ የዘይት ቀለም ሥዕሎችን ሠርቷል፤ ዛሬ የሚገኙት በኮርኔል የአእዋፍ ጥናት ተቋም ነው። ከ1923 ጀምሮ ደግሞ በኮርኔል ስለ አእዋፍ ያስተምር ነበር።

የትዕዛዝ ሥራ ዋጋ ያስከፍላል። በአንድ የመጽሐፍ ገጽ ላይ አምስትና ስድስት ዝርያ፣ ወንዱም ሴቷም ጫጩቱም ተጨናንቀው እንዲገቡ ሲጠየቅ ሥዕሉ ሰንጠረዥ ይሆናል። በኒውዮርኩ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ የተጨናነቁ ገጾች አሉ። ቦታ ሲያገኝ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት አንድ ወፍ ብቻ ያለባቸውን ሥዕሎች መመልከት ይበጃል።

የት የት ተጓዘ?

በ1899 ባለ ባቡር ሐዲዱ ቱጃር ኤድዋርድ ሃሪማን ባዘጋጀው የአላስካ የባሕር ጉዞ ላይ ነበር፤ በዚያች መርከብ የተፈጥሮ ጸሐፊውን ጆን ሚዩርን የመሰሉ ሰዎችም ተሳፍረው ነበር። በ1901 ወደ ቴክሳስ ሄደ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከሚሠራው ወዳጁ ከፍራንክ ቻፕማን ጋር ወደ ባሃማስ፣ ካናዳ፣ ሜክሲኮና ሁለት ጊዜ (1911 እና 1913) ወደ ኮሎምቢያ ተጓዘ። መጨረሻው ኢትዮጵያ ነው፤ 1926 እና 1927።

አሠራሩ ምን ይመስል ነበር?

መነሻው ትኩስ ወፍ ነው። ላባ ቀለሙን ለዓመታት ይዞ ይቆያል። ዓይን፣ ምንቃር፣ ፊት ላይ ያለ ራቁት ቆዳና እግር ግን ወፉ ከሞተ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይለወጣሉ። ዓይን ይደበዝዛል፤ ቀይ ቆዳ ወደ ቡናማ፣ ቢጫ እግር ወደ ቆሻሻ ገለባማ ቀለም ይሄዳል። ስለዚህ ቀድሞ የሚያዘው ቀድሞ የሚጠፋው ነው። ዓይንና ራቁት ቆዳ በቀለም ይመዘገባሉ፤ ቀጥሎ ጭንቅላቱ ከጎን ይነደፋል፤ ከዚያ እግሩና የጣቶቹ አቀማመጥ፤ ክንፉ ተዘርግቶ የትኛው ላባ በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ ይታያል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ወፉ የሚገፈፈው። ፉዌርቴስ ገፋፊም ነበር፤ በዕድሜው ከ3,500 የማያንሱ የወፍ ናሙናዎችን ሰብስቧል።

የተገፈፈ ናሙና ለሳይንስ የተዘጋጀ እንጂ ለሠዓሊ አይደለም። ወፉ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑ በጥጥ ተተክቶ፣ ክንፉ ተጣብቆ፣ እግሮቹ ተጣምረው መለያ ወረቀት ታስሮባቸው ነው የሚቀመጠው። አንገቱ ያጥራል ወይም ይረዝማል፣ ደረቱም ከልክ በላይ ይሞላል። ይህን ብቻ አይቶ የሣለ ሰው ላባው ሁሉ ትክክል ሆኖ በጥጥ የተሞላ ጆንያ የመሰለ ወፍ ያወጣል። ፉዌርቴስን ከሙያ ባልደረቦቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሕያው ወፍ እንዴት እንደሚቆም፣ ሲደነግጥ ላባውን እንዴት እንደሚያጣብቅ፣ ሲበርደው እንዴት እንደሚነፋ በአእምሮው ይይዝ ነበር። ናሙናው የሚያገለግለው ለልክና ለቀለም ብቻ ነው፤ አቋሙ ከትዝታ ይመጣል። የወፍ ድምፅ አስመስሎ በማፏጨትም የታወቀ ነበርና፣ ወፍ ጠርቶ ቀርቦ ማየት ለእሱ ከባድ አልነበረም።

ለመጽሐፍ የሚጠቀመው በአብዛኛው የውሃ ቀለምና ጓሽ የሚባለውን ወፈር ያለ የውሃ ቀለም ነው፤ ዘይት ቀለም ለትልልቅ ሥራዎች ይውላል። በዚህ ዓይነት ሥራ የሚያስተማምነው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ቀለል ያለ የእርሳስ ንድፍ፤ በላዩ የጥላውን ቦታ የሚያሳይ ቀጭን ቅብ፤ ሲደርቅ የወፉ ዋና ቀለም፤ ቀጥሎ የላባ ስብስቦች፤ በመጨረሻ ጥቂት ዝርዝር፣ ያውም ጭንቅላት አካባቢና ብርሃን በሚታጠፍበት ቦታ። ብሌኑና በላዩ የምትቀመጠው የነጭ ጓሽ ነጥብ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

እንደ እሱ ለመሣል የሚሞክሩ ሰዎች የት ላይ ይሳሳታሉ?

ከሁሉ በፊት እያንዳንዱን ላባ በእኩል መስመር ይከባሉ። ውጤቱ የቆርቆሮ ጥሩር የለበሰ ወፍ ነው። ላባ ሦስት ዓይነት ጠርዝ አለው፦ በክንፍ ላይ ስል፣ በጀርባ ላይ ለስላሳ፣ በሆድ ላይ ጭራሽ የማይታይ። ሦስቱ ሳይለያዩ ወፍ ሕይወት አያገኝም።

ሁለተኛው እግር ነው። ወፍ ጉልበቱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የሚመስለን ያ የሚታየው መገጣጠሚያ ተረከዙ ስለሆነ ነው። እውነተኛው ጉልበት ላባ ውስጥ ተደብቆ ከሆዱ ጎን ይገኛል። ይህን ያልተረዳ ሰው እግሩን ከጭራው ሥር ይተክለዋል፤ ወፉም ወደ ፊት የሚደፋ ይመስላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከአካሉ ሚዛን መሃል ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩ በጣቶቹ መካከል ካላረፈ ወፉ ቅርንጫፉ ላይ ሊቆም አይችልም። የጣት አቀማመጥም እንደ ወገኑ ይለያያል። ድንቢጥና ቁራ ሦስት ወደ ፊት አንድ ወደ ኋላ አላቸው፤ በቀቀንና ግንደ ቆርቁር ሁለት በሁለት ናቸው።

ላባ ቆጠራ ይጠቅማል፤ ግን በመጠኑ። በአብዛኞቹ ወፎች ጭራ ላይ 12 ትልልቅ ላባዎች፣ በየክንፉ ጫፍ 9 ወይም 10 የበረራ ላባዎች አሉ። ጭራው ሲታጠፍ ግን ከላይ የሚታዩት መሃለኞቹ ሁለቱ ናቸው ማለት ይቻላል። አሥራ ሁለቱንም ማሳየት እውቀት ማሳያ እንጂ ሥዕል አይደለም።

ዓይን ላይ ሁለት ጥፋት ይዘወተራል። የብርሃኗን ነጥብ ብሌኑ መሃል ማስቀመጥ አንዱ ነው፤ ያኔ ወፉ የታወረ ይመስላል። ነጥቧ ብርሃኑ ወደሚመጣበት ወገን፣ ከመሃል ከፍ ብላ መሆን አለባት። ሌላው ዓይኑን ወደ ላይ አስጠግቶ መሣል ነው፤ ቦታውን ከምንቃሩ መሰንጠቂያ መስመር አንጻር ለክቶ ማስቀመጥ ይህን ያስቀራል።

ወደ ኢትዮጵያ ለምን መጣ? ምንስ ሠራ?

ጉዞውን ያዘጋጁት የቺካጎው ፊልድ ሙዚየምና ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ናቸው። መሪው የሙዚየሙ የእንስሳት ክፍል ኃላፊ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ሲሆኑ፣ አልፍሬድ ቤይሊ፣ ሱዳም ከቲንግና የጋዜጣው ሰው ጃክ ባም አብረው ነበሩ። ፉዌርቴስ ያኔ 52 ዓመቱ ነው። ዘመኑ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ነበር፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ልዑካኑን ተቀብለው አነጋግረዋቸዋል።

ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የበቅሎና የአጋሰስ ነበር። ወደ አርሲና ባሌ ደጋ ሄዱ፤ ሙዚየሙ አጥብቆ ከሚፈልጋቸው እንስሳት አንዱ የደጋ አጋዘን ነበርና። ይህ እንስሳ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሳይንስ የታወቀው ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው፤ በምድር ላይም ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም አይገኝም። ቀጥሎ በስተሰሜን ጎጃምን፣ ጣናን፣ ጎንደርንና ሰሜን ተራሮችን አዳርሰው በምዕራብ በኩል ወደ ሱዳን ወጡ።

ፉዌርቴስ በእነዚህ ወራት ከመቶ በላይ የውሃ ቀለም ጥናቶችን ሠርቷል። ጥናት ማለት ለትልቅ ሥዕል መነሻ እንዲሆን በቦታው የሚሠራ ነው። አብዛኞቹ ላይ ወፉ ወይም እንስሳው ብቻውን፣ ከኋላው ያለው ትዕይንት ሳይሞላለት ቀርቷል። አንዳንዴ ጭንቅላት ብቻ ነው።

የኢትዮጵያዎቹ ሥዕሎች ለምን ይለያሉ?

ለአሳታሚ ስላልተሠሩ ነው። ስድስት ዝርያ በአንድ ገጽ ጨምቅ የሚል አልነበረም። ድካሙ በሙሉ አንድ ወፍ ላይ አረፈ፤ እጁም ሠላሳ ዓመት ሠልጥኗል። የኒውዮርኩን መጽሐፍ ገጾች ከእነዚህ ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል፦ ብሩሹ ፈጣን ነው፣ መስመሩ ያነሰ ነው፣ ወፉ ግን ይበልጥ ክብደት ያለው ይመስላል።

የአገሩ እንስሳትም የእሱን ዘዴ የሚጠይቁ ናቸው። የጭላዳ ዝንጀሮን ደረት እንውሰድ። ያ ቀይ ራቁት ቆዳ ድምቀቱን የሚያገኘው ከደም ዝውውር ነው፤ እንስሳው ሲሞት ይገረጣል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል። ሙዚየም ውስጥ ያለ ቆዳ ላይ ቀለሙን መፈለግ ከንቱ ነው። ሶሪት ወይም ቱራኮ የምንለው የጫካ ወፍ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። የክንፉ ደማቅ ቀይ፣ መዳብ ያለበት ቀለም፣ ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጥ አብዛኛው ይሸፈናል፤ ሲበር ነው የሚፈነዳው። ወፉን ተቀምጦ ብቻ የሣለ ሰው ግማሹን አልሣለውም። አጥንት ሰባሪው ጥንብ አንሳ ደግሞ በደረቱና በአንገቱ ላይ የሚታየው የዝገት ቀለም የራሱ የላባው አይደለም፤ ብረት ባለበት አፈርና ውሃ ራሱን እየነከረ የሚቀባው ነው። ስለዚህ ከወፍ ወደ ወፍ ይለያያል፣ አንዱን አይቶ ሁሉንም እንዲያ መቀባት አይቻልም።

በደጋ ላይ በውሃ ቀለም መሥራት ምን ይከብዳል?

ደረቅ አየርና ጠንካራ ፀሐይ። ጉዞው የተደረገው በበጋ ነበር። በ3,000 እና በ4,000 ሜትር ከፍታ በበጋ ቀን ቅቡ ብሩሹ ወረቀቱን ሳይጨርስ ይደርቅና መሃሉ ላይ የማይጠፋ መስመር ይተዋል። መፍትሔው ወረቀቱን ከኋላ ማርጠብ፣ በትንሽ በትንሹ መሥራትና በጥላ መቀመጥ ነው። ድንኳን ውስጥ ግን ሌላ ወጥመድ አለ፦ የሸራው ቀለም በወረቀቱ ላይ ይወድቃል። በቢጫማ ድንኳን የተሠራ ሥዕል ውጭ ሲወጣ ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል፤ ዓይን ቢጫውን ችላ ብሎ ስለሚያካክስ ነው። ሌሊት ውርጭ አለ፤ የውሃ ጣሳው ይጋገራል፣ እርጥበት ያለው ቀለም ቱቦ ውስጥ ይበላሻል።

እንዴት ሞተ? ሥዕሎቹስ?

ከኢትዮጵያ ከተመለሰ ጥቂት ወራት በኋላ ሥዕሎቹን ለቻፕማን ሊያሳይ ከባለቤቱ ከማርጋሬት ጋር ወደ ታነርስቪል ሄደ። ሲመለሱ፣ ኡናዲላ በምትባል የኒውዮርክ ከተማ አጠገብ መኪናቸው የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጥ ባቡር መታው፤ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ መንገዱን ጋርዶባቸው ነበር። እሱ ሞተ፣ ባለቤቱ ክፉኛ ተጎዳች። ሥዕሎቹ ከመኪናው ተወርውረው ወጥተው ሳይበላሹ ተገኙ። የጉዞ ጓዱ ከቲንግ ገዝቶ ለፊልድ ሙዚየም ሰጣቸው። በ1930 ሙዚየሙ ከመካከላቸው 32ቱን በአልበም አሳተማቸው።

በእጁ የነበረው የማሳቹሴትስ ወፎች መጽሐፍም ሳያልቅ ቀረ፤ የቀሩትን ሥዕሎች የጨረሰው አለን ብሩክስ ነው።

ከኦዱቦን ጋር ሲነጻጸር?

ኦዱቦን አዲስ የታደነ ወፍ በሽቦ እያቆመ በትክክለኛ መጠኑ ይሥል ነበር። ድራማው ታላቅ ነው፣ አንዳንዱ አቋም ግን ሽቦው የሰጠው እንጂ ወፉ የመረጠው አይደለም። ፉዌርቴስ ጸጥ ያለ ነው። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ኦዱቦን፣ ወፉን ጫካ ውስጥ ለማወቅ ፉዌርቴስ ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ወፎቹን ይገድል ነበር ማለት ነው? ዛሬስ?

አዎ። በዘመኑ መነጽርና ፎቶግራፍ ደካማ ስለነበሩ ዝርያ በእርግጠኝነት የሚለየው በእጅ ተይዞ ነበር። ዛሬ ለሥዕል ብሎ ማደን በሕግም በልምድም የሚያስኬድ አይደለም፤ በኢትዮጵያ የዱር እንስሳ ናሙና ለመሰብሰብ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። 8 ወይም 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር፣ የማስታወሻ ደብተርና ራሱ ያነሳው ፎቶ ለሠዓሊ ይበቃሉ። የላባ ዝርዝር ለማጥናት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ያለው የእንስሳት ሙዚየም ጥሩ መነሻ ነው። አሮጌ ናሙና በእጅ የመንካት ዕድል ካጋጠማችሁ ጓንት አድርጉ፤ በዚያ ዘመን ቆዳው ከብል እንዲድን በአርሴኒክ ይታሽ ነበር።

ሥራዎቹን የት ማየት ይቻላል?

የኢትዮጵያዎቹ ቺካጎ፣ ፊልድ ሙዚየም ናቸው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኢታካ ላይ ሥዕሎቹን፣ ደብዳቤዎቹንና ንድፎቹን ይዟል። የወረቀት ሥራ ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ ለጥናት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ መጻፍና የሚፈልገውን ዝርያ መጥቀስ አለበት። ከ1930 በፊት የታተሙት መጻሕፍት በአሜሪካ የቅጂ መብታቸው አልቋል፤ በነጻ ወርዶ ማንበብም መገልበጥም ይቻላል።

«የፉዌርቴስ ሥዕል» ተብሎ የሚሸጥ ነገር እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?

አብዛኛው ከመጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ ነው፤ ጥሩ ክፈፍ ይገባለትና ዋጋው ይወጣል። 10 ጊዜ በሚያጎላ የእጅ ማጉያ ሌንስ እዩት። የማተሚያ ሥራ ከሆነ ቀለሙ ወደ ጥቃቅን ነጥቦች ይበተናል። ኦሪጅናል ከሆነ ቀለሙ ሳይቋረጥ ይፈሳል፣ የእርሳስ መስመር ከሥር ይታያል፣ ነጭ ጓሹ በጎን ብርሃን ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ዳር ላይ የታተመ ቁጥር ወይም የዝርያ ዝርዝር ካለም መጽሐፍ ነው። የታተመ ገጽ መግዛት ነውር የለውም፤ ለታተመ ገጽ የሚከፈለውን ብቻ መክፈል ነው።

ኦሪጅናልም ሆነ ጥሩ ኅትመት የፀሐይ ጨረር የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አይሰቀል። ሙዚየሞች ለውሃ ቀለም ብርሃኑን ከ50 ላክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አያሳልፉም። ቀድመው የሚለቁት ሮዝና ሐምራዊ ቀለሞች ናቸው፤ እነሱ ሲለቁ ወፉ ወደ አረንጓዴና ቡናማ ያደላል።

ተማሪዎች ነበሩት?

ጆርጅ ሚክሽ ሰተንን በደብዳቤም በአካልም አስተምሯል፤ ሰተን በኋላ ራሱ ታላቅ የወፍ ሠዓሊና ተመራማሪ ሆነ። በወፍ መለያ መጻሕፍቱ የታወቀው ሮጀር ቶሪ ፒተርሰንም በ17 ዓመቱ፣ በ1925 ኒውዮርክ ላይ ፉዌርቴስን አግኝቶታል፤ ፉዌርቴስም ብሩሽ ሰጥቶታል። የዊልሰን የአእዋፍ ጥናት ማኅበር በስሙ የሚሰጠው የምርምር ድጋፍ እስከ ዛሬ አለ።

በስሙ የተጠራ ወፍ አለ?

አለ። በኮሎምቢያ አንዲስ ተራሮች የሚኖር በቀቀን በ1911 ተገኝቶ ቻፕማን በ1912 በፉዌርቴስ ስም ሰየመው። ከዚያ ለ90 ዓመት ገደማ ሳይታይ ቆይቶ በ2002 እንደገና ተገኘ። ቁጥሩ አሁንም እጅግ ጥቂት ነው።

በኮርኔል ያለው የፉዌርቴስ የከዋክብት መመልከቻም በእሱ ስም ነው?

አይደለም። የተጠራው በአባቱ በኤስቴቫን ስም ነው።